መቃብሩን ሊዘጋ የመጣው ወንድሜ

ወንድሜ ሺገኖሪ ከኦሳካ የመጣው የቤተሰባችንን መቃብር ሊዘጋ ነው። በስልክ ሲነግረኝ ግን አገር እንደሚጎበኝ ሰው ነበር የጀመረው። ግንቡን እናያለን፣ እሳተ ገሞራው አፍ ድረስ እንወጣለን፣ ፍል ውሃ እንገባለን፣ የፈረስ ሥጋ እንበላለን አለ። ከዚያ፣ “ያንንም ጉዳይ በዚያው እንጨርሰዋለን” አለኝ።

“እሺ ጋሼ” አልኩት።

በእኛ ዘንድ መቃብር የሚወርሰው የበኩር ልጅ ነው። ሺገኖሪ በኩር ነው፤ እኔ ሱኤኦ ተከታዩ ነኝ። እሱ በወጣትነቱ ለፋብሪካ ሥራ ኦሳካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እኔ ከአሶ ተራራ ሥር ሩዝ እያረስኩ፣ አባታችንንና እናታችንን እየጦርኩ ኖርኩ። ሚስትም አላገባሁ። የመቃብሩን ሣር የምነቅለው፣ ድንጋዩን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ማጠብ ግን ባለቤት አያደርግም።

መቃብር መዝጋት ማለት አፅሙን አውጥቶ መውሰድ፣ ድንጋዩን ማንሳት፣ መሬቱን ለቤተ መቅደሱ መመለስ ነው። አሁን አሁን በየመንደሩ ይደረጋል። ልጆቹ ከተማ ናቸው፤ ሙታኑም ልጆቹን ተከትለው ይሄዳሉ። እንቢ የምልበት መብት የለኝም። ለማለትም አላሰብኩም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። እናቴ ኪኩኖ ልትሞት ስትል፣ “ሱኤ፣ ከሷ ራቅ አድርገህ አስቀምጠኝ” ብላኛለች። “እሷ” የምትላት አማቷን ነው፣ የአባታችንን እናት። ያቺ ሴት እናቴን እንዴት እንዳኖረቻት ብዙ አልናገርም። እናቴ የበረደ ሩዝ ጓዳ ቆማ ነበር የምትበላው። አማቷ እስክትሞት ድረስ ገበታ ላይ ተቀምጣ አላየኋትም።

በእኛ አገር ሬሳ በእሳት ይቃጠላል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ የሚተርፈው አፅም በዕቃ አይቀመጥም። ከመቃብሩ ድንጋይ ሥር ባለው ጉድጓድ፣ አፈሩ ላይ ይፈስሳል፤ ከጊዜ በኋላ አፈር ይሆናል። የእናቴን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ሺገኖሪ ለቀብሩ መጥቶ ወዲያው ተመልሶ ነበር። ከሌሎቹ አርቄ፣ በስተግራ ጥግ አስቀመጥኳት። የት እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ሁሉንም በአንድ ሣጥን ሊወስዳቸው ነው። እናቴን እንዲተውልኝ ልለምነው ወሰንኩ። ቤተ መቅደሱ ጀርባ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች የሚቀመጡበት የጋራ ጉብታ አለ። መነኩሴውን ጠይቄዋለሁ፣ “ወንድምዎ ከፈቀደ ይቻላል” ብሎኛል። እኔም ስሞት እዚያው ነኝ። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ትሆናለች። ይሁን፤ የማያውቃት ሰው አያሠቃያትም። የሚቀረው ለወንድሜ መንገር ነበር።

ኩማሞቶ ከተማ ወርጄ ተቀበልኳቸው። የተከራዩትን መኪና የሚነዳው የወንድሜ ልጅ ታካሂሮ ነው። የወንድሜ ሚስት ካዙዮ ከኋላ ተቀምጣለች። ወንድሜ ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ከአንገቱ ርቆ ቆሟል።

“አርጅተሃል” አለኝ።

“አንተስ?”

“እኔማ ድሮም አሮጌ ነኝ። በኩር አይደለሁ?”

ግንቡን ለማየት ወጣን። ከዓመታት በፊት በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተናደው ቅጥር ገና አልተጠገነም። የወደቁት ድንጋዮች ሜዳው ላይ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ታካሂሮ ከስልኩ እያነበበ ነገረን።

“እያንዳንዱ ድንጋይ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ ነው የሚመለሰው ይላል። ሥራው ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል።”

“እኔ አልደርስበትም ማለት ነው” አለ ወንድሜ።

“አንተ ሳይፈርስ አይተኸዋል፤ ምን ቀረብህ?” አለችው ካዙዮ።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ድንጋዮች ለረጅም ጊዜ አየሁ። ከዚያ፣ “ለድንጋይ እንኳ ቦታ ቦታው ይፈለግለታል” አልኩ። ወንድሜ እንዲሰማኝ ነበር። ሰምቶኛል፤ ጆሮው ደህና ነው። ዞር ብሎ አየኝ።

“ብርድ ነው። ሄደን እንብላ” አለ።

ምግብ ቤቱ ጠባብ ነበር። በስሱ የተቆረጠ ጥሬ የፈረስ ሥጋ መጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከጎኑ። ሎተስ የሚባል የውሃ ተክል ሥርም ሰናፍጭ ተጠቅጥቆበት መጣ። አስተናጋጇ ልጅ ወንድሜ አጠገብ ተንበርክካ እንዴት እንደሚበላ ታስረዳው ጀመር።

“እኔን ነው የምታስተምሪው?” አላት። “እኔ ፈረሱንም የማውቀው ሰው ነኝ። እዚሁ ነው የተወለድኩት!”

“ይቅርታ አባባ፣ አነጋገርዎ የኦሳካ ሆኖብኝ ነው።”

“ሰማሃት?” አልኩት። “እንግዳ ነህ ተባልክ።”

“አንተ ዝም በል። አንተን ደግሞ ከተራራ የወረደ ጦጣ ነው የምትልህ።”

ልጅቷ አፏን ሸፍና እየሳቀች ሄደች። ወንድሜ አንድ ቁራጭ አነሳና ለረጅም ጊዜ አኘከ። ሌላ አልጨመረም። ካዙዮ የሱን ድርሻ ወደ እኔ ገፋችው።

“ሱኤኦ፣ አንተ ብላ። እሱ ያማረው ስሙ ነው።”

ታካሂሮ ለአፅሞቹ በኦሳካ ስለተዘጋጀው ቦታ ይነግረኝ ጀመር። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሊያሳርፈኝ ፈልጎ ነው። ቦታው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ፎቅ ነው። ሣጥኖቹ ሁሉ ከጀርባ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ዘመድ ሲመጣ ካርድ ያስነካል፤ ማሽኑ የሱን ሣጥን ፈልጎ እያነሳ ፊቱ ያመጣለታል።

“እንደ አሳንሰር በሉት፣ አጎቴ። ዝናብ የለ፣ ሣር መንቀል የለ።”

“እናቴ አሳንሰር ትፈራ ነበር” አልኩ።

“የት አይታ?” አለ ወንድሜ።

“አንዴ እዚህ ከተማ፣ ትልቁ ሱቅ ውስጥ። እኔ በአሳንሰሩ ወጥቼ ስጠብቃት፣ እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ በደረጃ መጣች።”

ሁሉም ሳቁ። ወንድሜ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ካዙዮ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እኔም ሳቅኩ። የተናገርኩት ግን እንዲሳቅ አልነበረም። ሳቁ ካለፈ በኋላ ወሬው ወደ መንገዱ ሄደ፤ ከየት በኩል መውጣት እንደሚሻል ይከራከሩ ጀመር።

በማግስቱ ወደ ተራራው አፍ ወጣን። ወንድሜ ልጅ ሳለን እናታችን ወስዳን እንደነበር ለልጁ ነገረው። እኔ አላስታውስም። እሱ ቁልጭ አድርጎ ያስታውሳል፤ ነፋሱ መሐረቧን ገፎ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጥልባት፣ ለመሐረቡ ብላ ስታለቅስ አይቷታል። ቤት ስንደርስ አማቷ ስለ መሐረቡ ምን እንዳለቻት አልተናገረም። አያውቅ ይሆናል።

መግቢያው ላይ ጠባቂው መኪናችንን አቆመ። የዚያ ቀን ጭስ ከባድ ነበር።

“አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አለ?”

“የለም” አለ ወንድሜ።

“እንዴት የለም?” አለች ካዙዮ። “የሳንባውን ቁራጭ አውጥተውለታል እኮ! ምን ዓይነት ሰው ነህ?”

“አንቺ ለመሆኑ ከማን ወገን ነሽ?”

“ከሳንባህ።”

ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ወንድሜ ግን ማለፍ አልተፈቀደለትም። እኔና እሱ ወርደን ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ሌሎቹ ወጡ። ከላይ ነጩ ጭስ ይታያል፤ የድኝ ሽታው እኛም ጋ ይደርሳል። ወንድሜ አፉን በሻርፑ ሸፈነ።

ብቻችንን ነበርን። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ሳል ያዘው። ጉልበቱን ይዞ፣ ፊቱ እስኪቀላ ሳለ። ጀርባውን ይዤ ቆየሁ። በሸሚዙ ሥር አጥንቱ ይቆጠራል። ትንሽ ታሞ ነገሩ ቢተላለፍ ብዬ አሰብኩ። ክፉ ሐሳብ ነው፤ ግን አሰብኩት። ሳሉ አለፈ።

“ምን ልትል ነበር?” አለኝ።

“ውሃ ልሰጥህ ነበር።”

ሳይረን ጮኸ። ነፋሱ ዞሮ ኖሮ ከላይ ያሉትን ሁሉ አስወረዷቸው። ታካሂሮና ካዙዮ ዓይናቸውን እያሹ መጡ፣ ምንም አላዩም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደስ አለው።

“እኔ ከዚህ ተቀምጬ ከናንተ የተሻለ አይቻለሁ” አለ።

አመሻሹ ላይ ፍል ውሃ ገባን። ሆቴላቸው የራሱ መታጠቢያ ነበረው። ወንድሜ ግን የመንደራችንን አሮጌ መታጠቢያ ፈለገ። ታካሂሮ አልመጣም፤ ከማያውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር ራቁቱን መቀመጥ አይወድም። ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ጀርባውን አሸሁለት። ከብብቱ ሥር እስከ ጀርባው የሚሄድ ጠባሳ አለ። እሱን እየዘለልኩ አሸሁ።

“አትፍራ፣ አያምም” አለኝ።

“አልፈራሁም።”

“ሱኤ፣ ሰውነትህ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። አንገትህ ብቻ ነው ያረጀው።”

“አንገቴን ፀሐይ ያየዋል። ያንተን ፋብሪካ ነው ያየው።”

ሳቀ። ከዚያ ተራውን እሱ አሸኝ። እጁ ደካማ ነበር፤ ፎጣው ጀርባዬ ላይ ሲሄድ ብዙም አይሰማኝም። ውሃው ውስጥ ገብተን እስከ አንገታችን ተቀመጥን። እዚህ ሰው የልቡን ይናገራል። እዚህ ካልተናገርኩ የትም አልናገርም ብዬ ነበር የመጣሁት። ቃሎቹን አዘጋጀሁ። እሱ ቀደመኝ።

“እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ” አለ።

“አልተቀየምኩም።”

“ተቀይመሃል። ግንቡ ጋ ሰምቼሃለሁ። አሁን አንተ ስማኝ። እኔ ብዙ አልቆይም። ካዙዮ የምታውቀው ግማሹን ነው። ታካሂሮን ጠየቅኩት፣ ከእኔ በኋላ እዚህ እየመጣህ መቃብር ትጠብቃለህ ወይ ብዬ። አልዋሸኝም፤ አልመጣም አለኝ። አንተስ ከሞትክ ማን ሣሩን ይነቅላል?”

ውሃ በእጄ ቀድቼ ትከሻዬ ላይ አፈሰስኩ።

“ከቤተ መቅደሱ ጥግ የተከመሩትን ድንጋዮች አይተሃል። ዘመድ የጠፋባቸውን። እንደ ማገዶ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመዋል። የእናታችን ስም እዚያ ውስጥ እንዲታይ ትፈልጋለህ?”

“አልፈልግም።”

እውነቴን ነው፣ አልፈልግም። ያዘጋጀሁት ቃል ግን ይህን እንደተናገርኩ የት እንደገባ አላወቅኩም። እሱ ሁሉን አስቦታል። ያላሰበው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የማያውቀውን ነው። ይህን ለመንገር ደግሞ ስለ አያታችን መናገር አለብኝ። ወንድሜ የአያታችን ዓይን ነበር። በኩር ስለሆነ እጇ ላይ አሳደገችው፤ ሙዝ ከጉያዋ አውጥታ የምታጎርሰው እሱን ነበር። ሊሞት የተቃረበ ሰው ፊት ያቺን ሴት ምን ብዬ ላንሳት?

“ላንተም ቦታ አለ” አለኝ። “ጠይቄያለሁ። እኛው ሣጥን ውስጥ ትገባለህ።”

“አመሰግናለሁ ጋሼ።”

“ውሃው ጥሩ ነው” አለና ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ እንባ ይሁን ላብ ያልለየሁት ነገር በጉንጩ ወረደ። ዞር አልኩለት።

በማግስቱ ጠዋት መቃብሩ ጋ ተገናኘን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ድንጋይ ሠሪው ኢዋናጋ ትንሽ ክሬን ያለው መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ይጠብቃል። መነኩሴው መጥቶ ጸሎት አደረሰ። ይህ ጸሎት በድንጋዩ ላይ ያደረውን መንፈስ የሚያሰናብት ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ይሆናል። እጣን አጨስን፣ እጃችንን አጋጥመን ሰገድን። ካዙዮ ከሁሉ በላይ አለቀሰች፤ እናታችንን በሕይወት ያየቻት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር።

ኢዋናጋ ከፊት ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በብረት ፈንቅሎ አነሳው። ጉድጓዱ ተከፈተ። ነጭ ከረጢትና አንዲት አካፋ ይዞ ተንበረከከ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

“ጋሼ፣ እናቴን ተውልኝ።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ኢዋናጋ አካፋውን አቆመ።

“ምን ማለት ነው?” አለ ወንድሜ።

“ከአያታችን ጋር አታድርገኝ ብላኛለች። ልትሞት ስትል። እኔ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ። ሌሎቹን ውሰድ፣ እሷን ተውልኝ። የጋራው ጉብታ ውስጥ አስገባታለሁ፤ መነኩሴውም ፈቅዷል። እኔም እዚያው እገባለሁ፤ ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡት።”

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ወንድሜ አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም።

“እናታችን እንዲህ አለች?”

“አለች።”

“ስለ አያታችን?”

“አዎ።”

“ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?”

“አልጠየቅከኝም።”

ከረጢቱን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

“ያን መሐረብ እሷ ናት የገዛችላት፣ አያታችን” አለ። “ከተራራው በተመለስን ጊዜ እናታችንን ውጭ ስታሳድራት አይቻለሁ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሙዝ ሰጥታኝ ተኛሁ።” ከዚያ፣ “እሺ። እናታችን ትቅር” አለ። “የቷ ናት?”

“በስተግራ፣ ጥጉ ላይ።”

ኢዋናጋ መብራት አብርቶ ሰጠኝ። ተንበርክኬ አንገቴን አስገባሁ። በስተግራ ጥጉ ባዶ ነበር። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። የጉድጓዱ ወለል ወደ ቀኝ አጋድሎ ሰጥሟል። ነጩም፣ ግራጫውም፣ አፈር የሆነውም ሁሉ እዚያ ታች ተንሸራቶ አንድ ላይ ተከምሯል። የቆሙት ድንጋዮች በመንቀጥቀጡ ወድቀው ነበር፤ ያነሳናቸው እኔና ኢዋናጋ ነን። ውስጡን ለማየት ግን አላሰብንም። ማን ያስባል?

“መንቀጥቀጡ ነው” አለ ኢዋናጋ ከትከሻዬ በላይ። “ውሃም ገብቷል። የሁሉም ቤት መቃብር እንዲህ ነው፣ አባባ። ባለፈው ሳምንት የከፈትኩትም እንዲሁ ነበር።”

ወንድሜ በጭንቅ አጠገቤ ተንበረከከና መብራቱን ከእጄ ወሰደ። ሁለታችንም ጭንቅላታችንን አስገብተን አየን። አተነፋፈሱ ይሰማኛል።

“ይቺ ትሆን?” አለ።

“አላውቅም።”

“ነጣ ያለችው? የመጨረሻዋ እሷ ናት እኮ።”

“አባታችን የመጨረሻው ነው።”

“እውነትህን ነው። አባታችን ነው።”

መነኩሴው በዝግታ፣ አንድ እፍኝ ብቻ አንስቼ ጉብታው ውስጥ ላስገባላት እንደምችል ነገረኝ። ካዙዮም፣ “አዎ፣ አንድ እፍኝ ውሰድላት ሱኤኦ፤ እሷም ትኖርበታለች” አለች። ወንድሜ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መልካም ሐሳብ ነው። እጄን ዘረጋሁ። ክምሩ ላይ አደረግሁት፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። አንድ እፍኝ ባነሳ እናቴ ልትኖርበት ትችላለች። አማቷም ልትኖርበት ትችላለች። ሁለቱን ብቻቸውን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ላደርጋቸው እችላለሁ።

እጄን አወጣሁ።

“ሁሉንም ውሰድ” አልኩት።

“ሱኤ።”

“ውሰድ። ብዙ ሲሆኑ ይሻላል። ምናልባት መሐላቸው ሰው ይገባል።”

ኢዋናጋ አካፋውን አስገባ። የከረጢቱን አፍ የሚይዝለት ሰው ፈለገ፤ እኔ ያዝኩለት። አንድ ባንድ እያወጣ ጨመረ። መጨረሻ ላይ አፈሩን ጠራርጎ ጨመረ። ወንድሜ ከጎኔ ቆሞ ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ ጉድጓዱን አየ። ከረጢቱ ሲታሰር ያን ያህል ከባድ አልነበረም።

የአውሮፕላናቸው ሰዓት ስለደረሰ መቆየት አልቻሉም። ወንድሜ ከረጢቱን ራሱ ተሸክሞ መኪና ውስጥ ገባ፤ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። መስኮቱን አወረደ።

“ኦሳካ፣ ቦታው ላይ የሚሠሩትን ሰዎች እጠይቃቸዋለሁ” አለኝ። “ለመለየት የሚቻል ነገር ካለ።”

“ጠይቃቸው” አልኩት። የሚቻል ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

“ብርዱን ተጠንቀቅ።”

“አንተም ጋሼ።”

መኪናው ሄደ። የሩዝ ማሳዎቹ መሐል ሲያንስ አየሁት፤ ከዚያ ጥዶቹ ጋ ታጠፈ። ስመለስ ኢዋናጋ በድንጋዩ ወገብ ላይ ቀበቶ አስሮ ክሬኑን አስጠግቷል። ስማችን የተቀረጸበት ፊቱ ወደ እኔ ነበር። እጄን አኖርኩበት። ፀሐይ አሙቆት ነበር።

“አባባ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ” አለኝ።

ራቅ አልኩ።

“ትንሽ ይጨምሩ። ሊወዛወዝ ይችላል።”

ጨመርኩ።